የወርቅ ሜዳሊያውና የእኔ 1.41

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ጉዳዩ የእህቴ ምርቃት ነው። ስለ እርሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በመጀመሪያው ቀን እጨርሰው ነበር። እርሷ አንብባው “ይውጣ” ብላለች። እማዬ ደግሞ “ጻፈው፣ ግን የእኔን ቁጣ አታሳምረው” ብላኛለች። ስለዚህ አላሳምረውም።

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሃይድሮሊክና ውሃ ሀብት ምህንድስና ተመረቀች። ውጤቷ 3.94 ነው። ከዲፓርትመንቷ አንደኛ ስለወጣች የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቁላት፣ ዋንጫም ሰጧት። ያ ግቢ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ዋና ሥራው ውሃን ማስተማር ነው። እዚያ ቤት ውስጥ በውሃ ትምህርት አንደኛ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ያውም በሰው ወሬ አይደለም።

በ2004 ዓ.ም. እኔም የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስሙ ይቆየን። ከሶዶ ወጣ ብላ ካለችው ሰፈራችን ምህንድስና የደረሰኝ የመጀመሪያው ልጅ እኔ ስለሆንኩ አጥቢያችን ብርድ ልብስና መጽሐፍ ቅዱስ ሰጥቶ፣ ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸልየው ነበር የሸኙኝ። አንደኛው ሴሚስተር ሲያልቅ ማስጠንቀቂያ ያዝኩ። ሁለተኛው ሲያልቅ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ከመታወቂያ ቁጥሬ አጠገብ 1.41 የሚል ቁጥር አገኘሁ። ከእሱ አጠገብ ያለውን ቃል ማንበብ አላስፈለገኝም።

ሰበብ ልፈልግ ብል አላጣም ነበር። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ በትንሿ ትምህርት ቤታችን ሳላጠና አንደኛ ስወጣ ኖሬ፣ የመጀመሪያውን የካልኩለስ ፈተና ከ30 ስምንት ሳገኝ ማንንም መጠየቅ አፈርኩ። “ያ ጎበዙ ልጅ” መባል የለመደ ሰው “አልገባኝም” ማለት ሞቱ ነው። ክፍል መግባት ቀነስኩ። ቀን ዶርም ተኝቼ ማታ ፊልም አያለሁ። ፌሎውሺፕም መሄድ ተውኩ፤ ከጌታ ጋር ተጣልቼ አይደለም፣ ወንድሞች ሰላም ካሉኝ በኋላ “ትምህርት እንዴት ነው?” የሚሏትን ጥያቄ ፈርቼ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አባታችን አረፈ። ግንበኛ ነበር። ለቀብር መጥቼ፣ ሦስተኛውን ቀን አስቆጥሬ ተመለስኩና ፈተናዬን ተፈተንኩ። ሐምሌ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ቤት ስገባ እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም ነበር። እህቴ አራተኛ ክፍልን መጨረሷ ነው፣ ደረቷ ላይ የደረጃ ካርዷን ለጥፋ ቆማለች። እናቴን አየሁ፣ እህቴን አየሁና እንዲህ አልኩ፦ “ትምህርቱን ትቼዋለሁ። እኔ ልሥራ፣ እሷ ትማር።”

እማዬ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ያን ጊዜ ማረም ይቻል ነበር። በማግስቱም ይቻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው እውነት ነው። ባሬላ ተሸክሜያለሁ፣ ፌሮ አጉብጫለሁ፣ አሁን ፎርማን ነኝ። የእህቴን ደብተር፣ የዩኒፎርም፣ ኋላም የላፕቶፑን ገንዘብ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡ እውነት ነበር፣ ላቡም እውነት ነበር። ውሸቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ግን የቤታችን ታሪክ በሙሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ያለ እኔ እርዳታ አደገ። “ስለ እህቱ ትምህርቱን የሠዋ ወንድም” ሆንኩ። ስለ ፍቅር ሲሰበክ ምሳሌ ሆኜ ተጠርቻለሁ። ይባስ ብሎ እኔ ራሴ ለወጣቶች ስለ ራስን መስጠት አስተምሬያለሁ፤ ያውም ጥሩ አድርጌ። (ማስታወሻዎቼ አሁንም አሉ። ትምህርቱ ስህተት የለበትም፣ ያ ነው የሚያናድደው።)

ስለ እህቴ ልናገር። የከበረችው እርሷ ናትና።

ሁለተኛ ዓመት እያለች ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ከሲቀላ ባጃጅ ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ፣ ወጥታ ተቀበለችኝና የላቦራቶሪውን መስኮት አሳየችኝ። ጎንና ጎኑ መስታወት የሆነ ረጅም ቦይ አለ፤ ውሃ ሲሄድበት ከጎን ይታያል። “ጋሼ፣ እዚህ ጋ እይ” ብላ በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ። ቀጭን ሆኖ በፍጥነት የሚሮጥ ውሃ ዝግ ያለውን ውሃ ሲያገኝ ድንገት ከፍ ይላል፣ ይናወጣል፣ አረፋ ይሆናል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ይሄዳል። በዚያ ትርምስ ውስጥ ብዙ ጉልበቱን ይጥላል። መሐንዲሶች ከግድብ ማስተንፈሻ ግርጌ ይህ እንዲፈጠር ሆን ብለው ይሠራሉ፤ አለዚያ ውሃው የወንዙን ወለል ቦርቡሮ የግድቡን እግር ሊያጋልጥ ይችላል።

እርሷ ይህን ስትነግረኝ እኔ ምን እያሰብኩ እንደነበር ታውቃላችሁ? አንድ ነገር እንድትሳሳት እየተመኘሁ ነበር። አንድ ትንሽ ነገር፣ እኔ የማርማት። የጠፋው ልጅ ሲመለስ እሜዳ ላይ ቀርቶ የዘፈኑን ድምፅ የሰማውን ታላቅ ወንድም ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! መስታወቱ ውስጥ ፊቴን ሳየው ያው ሰውዬ ነበርኩ። እሱ እንኳ ቢያንስ ቁጣውን ለአባቱ ተናግሯል። እኔ ፈገግ ብዬ “ጎበዝ!” አልኩ።

ስለዚህ የማውቀውን አመጣሁ። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን እርጥበቱ እንዲጠበቅ ውሃ መጠጣት እንዳለበት፣ ጥንካሬውን የምንፈርደው በ28ኛው ቀን ናሙናውን ሰብረን እንደሆነ፣ ፀሐይ በበረታበት ቀን ጆንያ አርሰን እንደምናለብሰው ነገርኳት። ይህን ሁሉ መጽሐፏ ላይ ሳታነብ አትቀርም። እርሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ደብተር አወጣችና ስለ ጆንያው ጻፈች። “ይሄ እኛ ጋ አልተነገረም” አለች። ያን ቀን ባስ ውስጥ ሆኜ ሶዶ እስክደርስ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

አንደኛ የወጣችው ጭንቅላቷ ከሌላው ስለተለየ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። የዶርም ጓደኞቿ ሌላ ነገር ነው የነገሩኝ። ለፈተና ሳምንት ማታ ማታ ሌሎቹን ሰብስባ ታስረዳለች፤ ስታስረዳ የማታውቀውን ታገኛለች፤ ጠዋት የመምህሩ ቢሮ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የመመረቂያ ሥራዋ ስለ አንድ የመስኖ ቦይ ደለል ነበር። የሙዝ ገበሬዎቹ በየጊዜው በአካፋ እያወጡ የሚጥሉት አፈር ከየት እንደሚመጣና የቦዩ አፍ እንዴት ቢሠራ እንደሚቀንስ ነው ያጠናችው። ከመለኪያ መሣሪያው በፊት ውሃ የሚያከፋፍሉትን አዛውንት ቀርባ ጠየቀች። አዛውንቱ ቦዩ በየትኛው ወር የት ጋ እንደሚደፈን በቃላቸው ያውቁታል። ሪፖርቷ ላይ ስማቸውን ጽፋ አመስግናቸዋለች።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከምርቃቱ ቀጥሎ ባለው እሑድ አጥቢያችን የተመራቂዎች ፕሮግራም ነበረው። ሽማግሌዎች “ወንድሟ ነህ፣ 10 ደቂቃ ተናገር” ብለውኝ ቅዳሜ ማታ ስለ ባስልኤል እየተዘጋጀሁ ነበር። ዘጸአት ላይ ያለውን ታውቃላችሁ፤ በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞልቶ በወርቅ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ የተጠራው ሰው ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እህቴና እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጠናል።

“ጋሼ፣ ባስልኤልን ተወው” አለችኝ። “ኢንጂነር በተመረቀ ቁጥር የሚሰበከው እሱ ነው።”

“ታዲያ ማንን ልናገር?”

“የሕዝቅያስን ውሃ።”

በነገሥትና በዜና መዋዕል ውስጥ ንጉሥ ሕዝቅያስ ውሃውን ወደ ከተማ እንዳገባ ተጽፏል። ይህን አነብበው ነበር እንጂ አስቤው አላውቅም። እርሷ እንደ ምህንድስና ሥራ ነገረችኝ። ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም መጠመቂያ 533 ሜትር ያህል በድንጋይ ውስጥ ተፈልፍሏል። ሁለት ቡድን ከሁለት አቅጣጫ ጀመሩ። መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፣ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ከፍታ ልዩነት ደግሞ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። የዛሬ ቀያሽ መሣሪያ በሌለበት ዘመን! በሳይት ላይ ሁለት ግንበኞች ከሁለት ጥግ ጀምረው መሐል ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን የማውቅ ሰው ነኝና አፌን ከፍቼ ሰማሁ።

“በ1880 እንደ ፈረንጆቹ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ተገኘ” አለች። “ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ነው ያለው። የንጉሡ ስም የለበትም። የመሐንዲሱም የለበትም። ምን እንደጻፉ ታውቃለህ? ሦስት ክንድ ያህል ድንጋይ ሲቀር የአንዱ ሰው ድምፅ ከወዲያ በኩል ለጓደኛው እንደተሰማ ነው የጻፉት። ከዚያ ዶማ ከዶማ ተገናኘ፣ ውሃው ሄደ።”

ዝም አልን። ሩቅ ውሻ ይጮሃል።

“ጋሼ።”

“ወዬ።”

“ነገ ስለ እኔ ትምህርትህን እንደተውክ እንዳትናገር።”

ትሕትና መሰለኝ። “ለምን? ሰው ሁሉ የሚያውቀው አይደል?”

“ስላልተውከው።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዴት እንዳወቀች ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ። ዘጠነኛ ክፍል እያለች የእኔን የካልኩለስ መጽሐፍ ስታገላብጥ ጀርባው ላይ ካለው ሽፋን ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈውን የውጤት ወረቀቴን አግኝታለች። እኔ ያንን ወረቀት የጣልኩት መስሎኝ ነበር። “መጽሐፉም ይናገር ነበር” አለችኝ። “ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ አንድ የእርሳስ ምልክት የለበትም።”

“ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?”

“መጀመሪያ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር። በኋላ ደግሞ ፈራሁ፤ እኔም እንደዚያ እሆናለሁ ብዬ። አንደኛ ዓመት የፊዚክስ ፈተና ስወድቅ ክፍል መግባት አስጠላኝ። ያቺን ወረቀት አስታወስኩና ጠዋት መምህሩ ቢሮ ሄድኩ።”

በዚህ ልደሰት ወይስ ልዘን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ለመውደቄ ትርጉም አገኘሁለት ብዬ መድረክ ላይ ልናገረው ፈልጌ ነበር፣ እርሷ ግን “እሱን ደግሞ ምስክርነት አታድርገው” አለችኝ። ልክ ናት። ያን ሌሊት የጸለይኩት ጸሎት አጭር ነበር፣ እዚህ አልጽፈውም።

እሑድ ደረሰ። ስድስት ተመራቂዎች ነበሩን፤ ባነሩ ላይ ያለው ግን የእህቴ ፎቶ ብቻ ነው። ይህን ለመሪዎቻችን በግል ነግሬያቸዋለሁና እዚህ አላሰፋውም። ከኳየሩ ኋላ አንድ ወንድም ተቀምጦ ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ዓመታቱን ጨርሶ የመውጫ ፈተናው ላይ የቀረ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያንን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሳያመጡ መመረቅ የለምና ጋዋን አልለበሰም። እናቱ ከእናቴ ሁለት ወንበር አለፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ ለእያንዳንዱ ተመራቂ እልል ይላሉ።

እህቴ ስትጠራ ቤቱ ተናወጠ። በጋዋኗ ላይ ዱንጉዛ ደረቡላት፤ ጥቁሩ፣ ቀዩና ቢጫው ከሜዳሊያው ጋር እንዴት እንዳማረ! ቀጥሎ እማዬና እኔ ተጠራን። ለእኔ ጋቢ አለበሱኝ። መሪው ያንን የማውቀውን ታሪክ ተናገረ፤ እንደ ሁልጊዜው ከበፊቱ ትንሽ አድጎ ነበር። ከዚያ ማይኩን ሰጠኝ።

የተናገርኩት ይህን ያህል ነው፦ “ጋቢው ከብዶኛል። ትምህርቴን ስለ እህቴ አልተውኩም። ስለወደቅኩ ተባርሬ ነው። ውጤቴ 1.41 ነበር። እናቴን ዋሸኋት፣ እናንተንም ዋሸሁ። 13 ዓመት ሆነኝ። ይቅር በሉኝ።”

ከኋላ አንዲት እናት በልማድ “አሜን!” አሉ፤ ከዚያ ምን እንደተባለ ገባቸውና አፋቸውን ያዙ። ሌላ ድምፅ አልነበረም። እማዬን ለማየት ዞርኩ፤ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባዋለች። እህቴ ክንዴን ይዛለች፣ ጥፍሯ ይሰማኛል። የቀረኝን ጊዜ ስለ እርሷ ተናገርኩ፤ ስለ ደለሉ፣ በመምህሩ በር ላይ ስለ መቆሟ፣ ስለ ሕዝቅያስ ውሃና በድንጋይ ውስጥ ስለተሰማው ድምፅ። እንዴት እንደተናገርኩ አላስታውስም። ስጨርስ ጋቢውን አውልቄ ለሽማግሌው ልመልስ ስል እጄን ያዙኝ። “ለከፈልከው ነው እንጂ ላወራነው አይደለም። ተቀመጥ” አሉኝ። መሪው ወረቀቱን አየና “አሁን ኬክ እንቆርሳለን” አለ።

ሰው ሁሉ አቀፈኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። አንዳንዶቹ በሌላ በር ወጡ። የወጣቶች ኃላፊው እስካሁን ለማስተማር አልጠራኝም፤ አልተቀየምኩም፣ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ጊዜ እወስድ ነበር። ግቢው ውስጥ ስወጣ ግን ያ የኳየሩ ወንድም ዋንዛው ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ስለ ተናገርኩት ምንም አላለም። “ጋሼ፣ ድጋሚ ፈተናው እስኪደርስ ሳይት ላይ ሥራ ይኖራል? ማታ ማታ አጠናለሁ” አለኝ። ሰኞ ና አልኩት። መጣ። ማታ ማታ የሚያስጠናው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም፤ ሥራ እስክታገኝ ቤት ነበረችና።

እማዬ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትወጣለች። “አታሳምረው” ያለችው ይህንን ነው፤ ዝም ብላ ማዘን ሳይሆን ቁጣ ነበር፣ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይናገር ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና እየቆላች ሳለ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

“አባትህ ያውቅ ነበር?”

“አያውቅም እማዬ። እሱ ሲያርፍ ውጤቱ አልወጣም ነበር።”

ቡናውን አመሰች። “ያ ያልከው ቁጥር ከስንት ነው?”

“ከ4።”

“የእህትህስ?”

“የእሷም ከ4።”

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቡናው ጠቆረ፣ ወቀጠችው፣ ጀበናው ፈላ። ቀድታ ስኒውን አቀበለችኝ። ስኳር አልጨመረችበትም። ረስታው ይሁን ሆን ብላ አልጠየቅኳትም። ጠጣሁት።